ጅማ ላይ የተሳለች መርከብ

የድሮ ሠዓሊዎችን ሥራ በእጄ እየገለበጥኩ ነው የምኖረው። አብዛኛው የመርከብና የባህር ሥዕል ነው። ጅማ ውስጥ ይህን ስናገር ሁለት ጥያቄ ይከተለኛል። የመጀመሪያው «ባህር አይተሽ ታውቂያለሽ?» ነው። አላየሁም። ከዚህ እስከ ጅቡቲ ወደብ በመኪና ከአንድ ሺህ ኪሎሜትር በላይ ነው። ቡናችን በየዓመቱ የሚሄድበትን መንገድ እኔ ሄጄበት አላውቅም። ሁለተኛው ጥያቄ «ታዲያ ከኢንተርኔት አውርደሽ ለምን አታሳትሚውም?» የሚል ነው። ይኼኛው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ እነሆ መልሴ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በመጀመሪያ ኅትመቱን እንመልከት። ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ባሉ ካፌዎችና ፀጉር ቤቶች የባህር ፖስተር አይጠፋም። ቀርባችሁ እዩት። ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ከሆነ መጀመሪያ የሚለቀው ቀዩና ቢጫው ነው። የሚተርፈው ሰማያዊው ነው። ስለዚህ ጀንበር ስትጠልቅ የሚያሳይ ሥዕል ከጊዜ በኋላ የጨረቃ ሌሊት መስሎ ይቀራል። ሠዓሊው ወራት የለፋበት ብርቱካናማ ሰማይ ጠፍቶ፣ ያልሳለው ሰማያዊ ሰማይ ተተክቶ ይታያል። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ግን ቀለሙ ባይለቅ እንኳ ኅትመት አንድ ነገር ይጎድለዋል። ማሽኑ ምንም አይወስንም። ያየውን ሁሉ እኩል ያወርደዋል፤ ፀሐዩም፣ ገመዱም፣ ጥላውም ለእሱ ነጠብጣብ ነው። በእጅ የሚገለብጥ ሰው ግን ሠዓሊው የወሰነውን እያንዳንዱን ነገር እንደገና መወሰን አለበት። የትኛው ቀለም ይቅደም? የቱ ይወፍር? የቱ ይሳሳ? ይህ መስመር ለምን እዚህ ጋ ቆመ? እነዚህን ሳይጠይቅ መገልበጥ የሚችል ሰው የለም። እየጠየቀ የሠራውም ሥራ ሲታይ ያስታውቃል።

ለዚህ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር ከሳላት መርከብ፣ ከቴመሬር፣ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ቴመሬር 98 መድፍ የምትጭን የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነበረች። በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት ከአድሚራል ኔልሰን መርከብ ጎን ሆና ተዋግታለች። በ1838 አርጅታ ተሸጠች። የገዛት ሰው እንጨቷን ሊፈታታ በእንፋሎት በሚሄዱ ጎታች ጀልባዎች እያስጎተተ በቴምስ ወንዝ ወደ ለንደን ወሰዳት። በቀጣዩ ዓመት ጆሴፍ ማሎርድ ዊልያም ተርነር ይህን ጉዞ ሥሎ አሳየ። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ናሽናል ጋለሪ ነው። ቁመቱ 90.7፣ ወርዱ 121.6 ሴንቲሜትር ነው። በግራ በኩል ነጣ ያለ ወርቅ የመሰለች ረጅም መርከብ ወደ እኛ ትመጣለች። ከፊቷ ጥቁርና አጭር ጎታች ጀልባ እሳት የቀላቀለ ጭስ እየተፋ ይጎትታታል። በቀኝ በኩል ጀንበር ትጠልቃለች። በግራ ከላይ ቀጭን ጨረቃ አለች።

አሁን ሠዓሊው ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። መርከቧ ለሽያጭ ስትወጣ ምሰሶዎቿ ተነቅለው ነበር። ተርነር ሦስቱንም መልሶ ተከለላት። ጎታች ጀልባዎቹ ሁለት ነበሩ፤ እሱ አንድ ብቻ አስቀረ። የጀልባውንም ጭስ ማውጫ ከምሰሶው ፊት አደረገው፤ በእውነተኛዎቹ ጀልባዎች ላይ ግን ምሰሶው ነበር ከፊት የሚቆመው። በ1845 ሥዕሉን በብረት ላይ ቀርጾ ለኅትመት ያዘጋጀው ጄምስ ዊልሞር ይህን አይቶ ቦታቸውን አለዋወጠው። ስህተት አረምኩ ብሎ ይሆናል። ሥዕሉን ግን ጎዳው። የተርነር ጭስ ማውጫ ከፊት ሆኖ እሳቱን ሲተፋ ነው አዲሱ ዘመን አሮጌውን እየጎተተ መሆኑ የሚገባችሁ። ምሰሶውን ከፊት ስታመጡት ያ ኃይል ይሸሻል። እኔም ስገለብጥ ጭስ ማውጫውን ተርነር ባስቀመጠበት ነው የምተወው።

ይህን ሥዕል ያዘዙኝ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ አባት ናቸው። ልጃቸው ከእንግሊዝ ስትመጣ በያዘችው የ20 ፓውንድ ኖት ላይ መርከቧን አዩዋት። ከ2020 ጀምሮ በዚያ ኖት ላይ የተርነር ምስል አለ፣ ከጎኑም ቴመሬር። ብሯን ይዘው መጡና በጣታቸው አሳዩኝ። «ይቺን በትልቁ ትሥይልኛለሽ?» አሉኝ። እኔ የጅማ ሰው እንደሚያዘው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ወይም የቡና ሥነ ሥርዓት ይፈልጋሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

ጋሼ ወጣት ሳሉ የባህር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ምጽዋ ነበሩ። የኢትዮጵያ ባህር ኃይል በ1955 ነው የተቋቋመው። ትልቋ መርከቡ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። ከዚያ በፊት «ኦርካ» የምትባል የአሜሪካ ባህር ኃይል መርከብ ነበረች፤ በባህር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምታገለግል። በ1962 ወደ እኛ መጣች። ብዙ ዕጩ መኮንኖች የሠለጠኑባት መርከብ ናት። በ1991 መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሄደች። በ1993 እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ጋሼ ይህን በአንድ ጊዜ አልነገሩኝም። ሥራው እየገፋ ሲሄድ እየመጡ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፣ ያያሉ፣ ትንሽ ያወራሉ። አንድ ቀን ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «ባንዲራዋ የታለ?» አሉኝ። ሥዕሉ ውስጥ ቴመሬር ላይ ባንዲራ እንደሌለ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። ዓይኔ አርፎበታል፣ ልቤ ግን አላረፈበትም። ተርነር ባንዲራዋን ሆን ብሎ ነው ያልሳለው። መርከቧ ከባህር ኃይል ወጥታ የነጋዴ ንብረት ሆናለች። የሚውለበለበው ጎታች ጀልባው ላይ ያለው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። ይህን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የመን ላይ የኛንም አውርደውባታል» አሉ።

ከዚያ የምሰሶውን ነገር አነሳሁባቸው። እውነተኛዋ ቴመሬር ያን ቀን ምሰሶ እንዳልነበራት፣ ሠዓሊው ከራሱ እንደጨመረላት ነገርኳቸው። ባህርተኛ ስለሆኑ እውነቱን ይመርጣሉ ብዬ ገምቼ ነበር። መልሳቸው ፈጣን ነበር። «ተይላት ልጄ። መርከብ ሲሸጡ ምን ምን እንደሚነቅሉ እኔ አውቀዋለሁ። አንቺ ከነሙሉ አካሏ ሥሪልኝ።»

ተርነርም ከዚህ የተለየ ምክንያት የነበረው አይመስለኝም። ሥዕሉን እስኪሞት ድረስ አልሸጠውም። በ1851 ሲሞት ለሀገሩ ተናዞ ተወው።

ስለ ሥራው ትንሽ ልናገር፤ የሚሞክር ሰው ሊኖር ይችላል። ሸራውን የምወጥርበትን እንጨት እዚሁ ጅማ አናጢ ጋር በዋንዛ ነው የማሠራው። የጅማ አናጢ እጅ የታወቀ ነው፤ ማዕዘኑ አይዛነፍም። ሸራ ሲጠፋ ወፈር ያለ አቡጀዲ ይሆናል፣ ግን በደንብ ኮላ መጠጣት አለበት። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ከአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ነው፤ ውኃ እንደሚደርቀው ተኖ አይደለም። የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዝናቡ አያባራም፣ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። በዚያ ወቅት የዘይት ሥዕል መጀመር ራስን ማድከም ነው። እኔ ትልልቅ ሥራ የምጀምረው ጥቅምት ሲገባ ነው። የታችኛውን ንብርብር በአኳራጅ አቅጥኜ እቀባለሁ። ወደ ላይ ስሄድ አኳራጁን ቀንሼ የተልባ ዘይቱን እጨምራለሁ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ታችኛው ሲንቀሳቀስ ይሰነጣጠቃል።

ተርነር ላይ ከባዱ ነገር ሰማዩ ነው። ፀሐዩ ዙሪያ ቀለሙ ወፍራም ነው፣ በጣት ቢዳሰስ የሚታወቅ ዓይነት። የመርከቧ ገመዶች ግን እንደ ፀጉር ቀጭን ናቸው። ኮምፒውተር ላይ ይህ ልዩነት ጨርሶ አይታይም፤ ሁሉም አንድ ወጥ ነው። ስለዚህ ሙዚየሙ በድረ ገጹ ያወጣቸውን ትልልቅ ፎቶዎች አስፍቼ ብርሃን የሚያብለጨልጭባቸውን ቦታዎች እፈልጋለሁ። ብርሃን የሚያንጸባርቀው ቀለሙ ያበጠበት ቦታ ነው። ውኃው ደግሞ ሰማያዊ አይደለም። በሥዕሉ ታችኛ ክፍል የሰማዩ ቀለም ሁሉ ተመልሶ አለ፤ ቢጫው፣ ቀዩ፣ ቡናማው። ውኃ የራሱ ቀለም እንደሌለው መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር። የገባኝ ግን በእጄ ስሠራው ነው። ከዚያ ወዲህ ግልገል ጊቤ ግድብ አጠገብ ሳልፍ ውኃውን ሳይሆን መጀመሪያ ሰማዩን ነው የማየው።

የመርከብ ሥዕል ከድሮም ቢሆን በባህርተኛ ዓይን ነው የሚፈተነው። የኔዘርላንድ ተወላጆቹ አባትና ልጅ ቫን ደ ቬልደ ለዚህ ምስክር ናቸው። አባትየው ጦርነት በሚካሄድበት ባህር ላይ በጀልባ እየሄደ የመርከቦቹን አሰላለፍ በእርሳስ ይነድፍ ነበር። ልጁ ያንን ንድፍ በቀለም ይሠራዋል። በ1670ዎቹ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 100 ፓውንድ ቆረጡላቸው፤ ለአባትየው ለንድፉ፣ ለልጁ ለቀለሙ። ግሪንዊች በሚገኘው የንግሥቲቱ ቤት ውስጥም የሥራ ክፍል ተሰጣቸው። በእነሱ ሥዕል ውስጥ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ከባንዲራው፣ ከሸራውና ከመድፉ ጭስ ታውቃላችሁ። ሦስቱ አይጣሉም። ጋሼም የትኛውንም የባህር ሥዕል ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህንን ነው። እኔም ከእሳቸው ተምሬ ብሩሽ ከማንሳቴ በፊት የነፋሱን አቅጣጫ በወረቀት ላይ በቀስት አሰምራለሁ።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነም አለ። በጥቁር ባህር ዳር ያለችው የፌዶሲያ ከተማ ተወላጅ አርመናዊ ኢቫን አይቫዞቭስኪ ባህርን በትዝታ ነበር የሚሥለው። የሚንቀሳቀስ ማዕበል ፊት ቆሞ መሣል አይቻልም ብሎ ያምን ነበር። በ1850 የሠራው «ዘጠነኛው ማዕበል» ቁመቱ ከሁለት ሜትር፣ ወርዱ ከሦስት ሜትር ይበልጣል። ይህን እስካሁን አልደፈርኩትም።

ብዙ ሰው ቅጂ ሲባል ዋጋ የሌለው ነገር ይመስለዋል። ሁለት ታሪኮች ይህን ሐሳብ ያስቀይሩታል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው የቴዎዶር ዠሪኮ «የሜዱዛ ታንኳ» ነው። በ1816 ሜዱዛ የምትባል የፈረንሳይ መርከብ ዛሬ ሞሪታኒያ በምትባለው ሀገር ዳርቻ ደለል ላይ ተቀመጠች። ነፍስ አድን ጀልባዎቹ ስላልበቁ ወደ 147 ሰዎች በእንጨት ርብራብ ላይ ተጫኑ። ከ13 ቀን በኋላ ሲገኙ በሕይወት የነበሩት 15 ብቻ ነበሩ። ዠሪኮ ይህን በ1819 ለሕዝብ ያሳየው 4.91 በ7.16 ሜትር በሆነ ሸራ ላይ ነው። ችግሩ ለጥቁሩ ቀለም ቢቱመን የሚባል ሬንጅ መሰል ነገር መጠቀሙ ነው። ቢቱመን መጀመሪያ ያምራል፣ ግን በደንብ አይደርቅም። እየቆየ ይጠቁራል፣ ይሸበሸባል። ፓሪስ በሚገኘው የሉቭር ሙዚየም ያለው ሥዕል እየጨለመ ሲሄድ በ1859 እና 1860 ሁለት ሠዓሊዎች፣ ጊዬሜና ሮንዣ፣ በልኩ ሙሉ ቅጂ ሠሩለት። ያ ቅጂ ዛሬ አሚየን ከተማ በሚገኘው የፒካርዲ ሙዚየም አለ። በዋናው ላይ ጨለማ የዋጠውን ነገር የሚፈልግ ሰው ወደ ቅጂው መሄድ ይችላል።

ሁለተኛው የሬምብራንት ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ላይ ጌታ በጀልባ ተኝቶ ሳለ ማዕበል የተነሳበትን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሬምብራንት በ1633 ሥሎታል። ከሥራዎቹ ሁሉ የባህር ሥዕል ይህ አንድ ብቻ ነው። ጀልባው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ቁጠሩ። ጌታና አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት 13 መሆን ነበረባቸው። 14 ናቸው። አንዱ በአንድ እጁ ገመድ፣ በሌላው ቆቡን ይዞ እኛን ያያል። ሠዓሊው ራሱ ነው ተብሎ ይታመናል። በማርች 18 ቀን 1990 ፖሊስ መስለው የገቡ ሁለት ሰዎች ይህን ሥዕል ቦስተን ከሚገኘው ኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ሙዚየም ከፍሬሙ ቆርጠው ወሰዱት። በዚያ ሌሊት 13 ሥራዎች ተሰረቁ። እስከ ዛሬ አልተገኙም። ባዶው ፍሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ይህን ሥዕል በቁመቱ ልክ ፊቱ ቆሞ ማየት የሚፈልግ ሰው ዛሬ ያለው አማራጭ በእጅ የተሠራ ቅጂ ብቻ ነው።

ለኛ ደግሞ መገልበጥ አዲስ ነገር አይደለም። ሮም ውስጥ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን እጅ ወደ ሀገራችን ገባ። የኛ ሠዓሊዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከዚያ እየገለበጡ የሠሯት ሥዕል ብዙ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለች። የተቆላለፉትን እጆች አልነኳቸውም። ፊቱን፣ ዓይኑን፣ የልብሱን መስመር ግን የራሳቸው አደረጉት። የተማሩትም በመገልበጥ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን መስመር እየተከተለ። ከቀዳሚው መቅዳት እንደ ስርቆት አልተቆጠረም።

ስርቆት የሚሆነው መዋሸት ሲመጣ ነው። በዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። ሉቭር ውስጥ ለመገልበጥ የሚፈቀድለት ሠዓሊ ቅጂውን ከዋናው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ማሳነስ ወይም ማሳደግ አለበት፣ የሠዓሊውንም ፊርማ መገልበጥ አይችልም። ማንም ባያስገድደኝም እኔ ይህንን እከተላለሁ። የጋሼ ቴመሬር 73 በ97 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከጀርባው ላይ በማይለቅ ቀለም የተርነርን ስም፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ዋናው ያለበትን ቦታ፣ ቅጂው ጅማ ላይ መሠራቱንና የእኔን ስም ጽፌበታለሁ። ከሞቱ ገና ብዙ ያልቆዩ ሠዓሊዎችን ሥራ አልነካም። ልጆቻቸው መብት አላቸው። አንድ ደንበኛ ፊርማውን ጨምሪበት፣ እንግዳ ሲመጣ ያምራል ብሎኝ ነበር። ቀብዱን መልሼ ሰጠሁት።

ቻይና ሼንዘን ውስጥ ዳፈን የሚባል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠዓሊዎች ይህን ሥራ የሚሠሩበት ሰፈር አለ። ዋጋቸው ከእኔ ያነሰ ነው፣ በኢንተርኔት ይታዘዛል። አልከለክልም። ነገር ግን ጋሼ ዳፈን ሄደው በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ባንዲራዋ የታለ?» ማለት አይችሉም ነበር። ቅጂ ሲሠራ የሚያይ ሰው ሥዕሉን ከሠሪው እኩል ያውቀዋል። እዚሁ ከተማችን ውስጥ መሠራቱን የምሟገትለትም ለዚህ ነው።

ጅማ ውስጥ ሥዕል የሚማር ልጅ ትልቅ የዘይት ሥዕል ፊት ቆሞ የማያውቅ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። በስልክ ስክሪን የጣት ቁመት ያላትን ጀልባ ነው የሚያየው። ማዕበሉ ከራሱ በላይ ከፍ ብሎ ሲመጣበት አይቶ አያውቅም። ስለዚህ በሬምብራንቱ ላይ የልኬት ደንቤን ልተወው ነው። ዋናው ከግድግዳው የለም፤ እኔ ባሳንሰው ማንን እጠብቃለሁ? 160 በ128 ሴንቲሜትር፣ በልኩ እሠራዋለሁ። 14ቱንም ሰዎች። ከጀርባው ዋናው መሰረቁንም እጽፍበታለሁ።

አልሸጠውም፤ ለአንድ የከተማችን ትምህርት ቤት በነፃ እሰጠዋለሁ። ጥቅምት ላይ እጀምራለሁ፣ ልጆቹ እየመጡ ሲሠራ ማየት ይችላሉ። ፍላጎት ያላችሁ መምህራን ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። ግድግዳው ሰፊና እርጥበት የሌለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማትመታው ይሁን። ፍሬሙን ከአናጢው ጋር ተነጋግሬበታለሁ፣ ዋንዛው ተገዝቷል።